የእሑዱ ስልክ

እኛ አገር ሞት በስልክ አይነገርም። ይኼን የማያውቅ ሰው የኔ ጥፋት አይገባውም፤ የሚያውቅ ደግሞ «እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የማደርገው» ይለኛል። ሁለቱም አያጽናኑኝም።

ያደግኩት ላይ ጋይንት ነው፤ ከንፋስ መውጫ በእግር የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ፣ ገብስና ባቄላ ከሚዘራበት ደጋ። አሁን የምኖረው በአንድ የዐረብ ከተማ፣ ኩባንያው ለበረራ አስተናጋጆች በሰጠው ፎቅ ውስጥ ነው። ቤት ነው እንዳይባል እንደ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው፤ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው እንዳይባል ምንጣፉ ያምራል። ስንገባ ካርድ፣ ስንወጣ ካርድ። አባትም ይሁን ወንድም፣ ወንድ እንግዳ ከምድር ቤቱ ሶፋ አያልፍም። ግድግዳ ላይ ምስማር መምታት ክልክል ነው፤ ሻማ ማብራት ክልክል ነው፤ ቀንም ሆነ ማታ ጮክ ብሎ ማውራት ክልክል ነው፣ ምክንያቱም በየትኛውም ሰዓት ከዓለም ጫፍ መጥታ የተኛች ሰው አትጠፋም። በወር አንዴ ደግሞ አንዲት ሴትዮ መዝገብ ይዛ ትመጣና ማቀዝቀዣችንን ከፍታ ታያለች። መጀመሪያ ሰሞን «ኧረ የኔ ጎመን እሷን ምን አገባት!» እያልኩ ደሜ ይፈላ ነበር። በኋላ ለመድኩት።

አንዱ ቤት ሁለት መኝታ ክፍል አለው፤ ማን ከማን ጋር እንደሚኖር የሚመድበው ኮምፒውተር ነው። ከአራት ዓመት በፊት አዲስ የተመደበችውን ልጅ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ነበር ሰላም ያልኳት። ጸጉሯን ቀብታዋለች፣ ሻንጣዋ የኔን ሁለት እጥፍ ያህላል፤ የየት አገር ሰው እንደሆነች አልጠየቅኳትም። እያመሸ ሲሄድ ግን ከክፍሏ «እማየ፣ ኧረ ወዲያ፣ በልቻለሁ አልኩሽ እኮ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሳላንኳኳ ዘው ብዬ ገባሁ።

«አንቺ! የየት ነሽ?»

«የእስቴ» አለች ደንግጣ።

«የእስቴ የት?»

«ከመካነ ኢየሱስ ትንሽ ወጣ ብሎ።»

በስልኩ ውስጥ እናቷ ሰሙን። «ማናት እሷ?» አሉ። የጋይንት ልጅ መሆኔን ስትነግራቸው «አይ ልጄን! ይኼን ሁሉ ባሕር ተሻግራ ለጋይንት ሰው ሰጧት?» ብለው ሳቁብኝ። እኔም ምን ቆርጦኝ፣ «የእስቴ ሰው ጠግቦ ያደረው እኮ በጋይንት ገብስ ነው እማማ» አልኳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የኔም እናት ሆኑ። በየበረራችን ይመርቁናል። ምርቃታቸው ሁልጊዜ የሚያልቀው በአንድ ነገር ነበር፦ «እንግዲህ ሰማይ ለሰማይ ስትሄዱ ቅዱሳኑን እንዳትረብሹ፤ ቀስ ብላችሁ እለፉ።» እኛም አውሮፕላን ሊነሣ ቀበቶ ስንታጠቅ ይኼንኑ እያስታወስን እንስቅ ነበር።

ልጅቱ እናቷን ካየች ሦስት ዓመት አልፏት ነበር። አንዱን ዓመት ፈቃዷ ተዛወረባት፤ አንዱን ዓመት መንገዱ ተዘጋ፤ ሌላውን ዓመት እሷው ታመመች። «ዘንድሮ ለፋሲካ ሰማይ ቢደፋ እገባለሁ» ትል ነበር። በዚህ ምድር ላይ የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቷ ሳታያቸው እንዳይሞቱባት። አውሮፕላን ሲንቀጠቀጥ ቁጭ ብላ ማስቲካ የምታኝክ ልጅ፣ ከአገር ቤት ባልታሰበ ሰዓት ስልክ ሲጠራ «አንሺልኝ» ብላ ለኔ ትሰጠኛለች።

«አንቺ፣ አንድ ነገር ብትሰሚ እንዳትደብቂኝ» አለችኝ አንድ ቀን፤ ልብስ እያጠፍን ነው። «እንደ አገር ቤት ሰው እንዳታደርጊኝ። በማርያም በይ።»

«በማርያም» አልኳት።

ለምን እንዲህ እንዳለች ይገባኝ ነበር፤ የኔን ታሪክ ነግሬያት ስለነበር ነው። እኔ ኩባንያው በቀጠረኝ በዓመቱ ወንድሜ ደውሎ «አባባን ትንሽ አሞታል፣ ፈቃድ ጠይቀሽ ነይ» አለኝ። የደም ግፊት መለኪያ ገዛሁለት። ሹራብ ገዛሁለት። ንፋስ መውጫ ከሚኒባስ ስወርድ አክስቶቼ ነጠላቸውን እንደ ደንቡ አጣፍተው ቆመዋል፤ «ደክሞሻል፣ እኛ ቤት እደሪ፣ ነገ ትሄጃለሽ» አሉኝ። አበሉኝ፣ እግሬን አጠቡኝ፣ አስተኙኝ። ጎህ ሲቀድ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነቃሁ። አባቴ ከተቀበረ አሥራ አንድ ቀኑ ነበር። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ አባቴ አፈር ውስጥ ሆኖ እኔ «ሻይ ወይስ ቡና?» እያልኩ ስስቅ ከርሜያለሁ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ ከዚያ ወዲህ «አሞታል» የሚል ቃል ስሰማ ለኔ ሰውየው ተቀብሯል።

በዐቢይ ጾም አጋማሽ፣ አንድ እሑድ ጧት ስልኬ ጠራ። የልጅቱ አጎት ናቸው፤ የእናቷ ታላቅ ወንድም፣ ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ የሚያስተምሩ መሪጌታ። ሁለታችንም የኔታ ነው የምንላቸው። እሷ አላነሣ ስትል እንዲደውሉ ቁጥሬን ሰጥታቸው ነበር።

«ልጄ፣ ያች ልጅ አጠገብሽ አለች?»

«ገላዋን እየታጠበች ነው የኔታ። ምነው?»

«እናቷን አሟታል። ጠንቶባታል። እኔም ትናንት ነው እስቴ የደረስኩት። ዛሬውኑ ተሳፍራ ትምጣ። እንዳትደነግጥ አንቺ በዘዴ ንገሪያት።»

ያኔ ወንድሜም «በዘዴ አምጣት» ተብሎ ነበር፤ ሁሉም ሰው በዘዴ ነው እኔን ያመጣኝ። አልጋ ላይ ተቀመጥኩ።

«የኔታ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። አሉ?»

«አለች።»

«እስኪ ያገናኙኝ።»

«አሁን ገና እንቅልፍ ሸለብ አደረጋት። ሌሊቱን ስትቃትት ነው ያደረች።»

«እንግዲያውስ በማርያም ይበሉ።»

ከበስተጀርባቸው የሰው ድምፅ ይሰማኛል፤ ብዙ ሰው። ከዚያ «ካህን አያስምሉም ልጄ» አሉኝ። «እኔ አፌን ለመሐላ አልከፍትም። ብቻ ያልኩሽን አድርጊ።»

ለኔ እዚያ ላይ አለቀ። ካህን ናቸው፤ በሐሰት መማል ስለማይችሉ ነው እምቢ ያሉኝ ብዬ ደመደምኩ። የሚሰማኝም ድምፅ የለቀስተኛ ነው ብዬ ደመደምኩ። እውነተኛውን ሰው «ማልልኝ» ብዬ፣ አልምልም ሲለኝ ውሸታም አደረግኩት። ስልኩን ስዘጋ እንባዬ ይወርድ ነበር፤ ለሞቱት እናት ነው የማለቅሰው፣ ላልሞቱት።

እንግዲህ የዚያን ጊዜ ሐሳቤን እንዳለ ልናገር። እናቷ ሞተዋል፤ የኛ አገር ቀብር ደግሞ አያድርም። ስለዚህ ዛሬ ብትሄድም፣ ከነገ ወዲያ ብትሄድም የምታገኘው አፈሩን ነው። አሁን ብነግራት ማን ይይዛታል? መርዶ አንድ ሰው አይነግርም፤ ግራና ቀኝ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል፣ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገረው። እዚህ ቤት አንድም ዘመድ የላትም። በሌላ ፎቅ ሁለት የአገር ልጆች ነበሩ፤ አንዷ በረራ ላይ ናት፣ የምትገባው ሰኞ ነው። እሷ ራሷ ከሰዓት ወደ ሩቅ ምሥራቅ በረራ አላት፤ የምትመለሰው ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ፤ እዚያ ሳለች ስልኳ ስለማይሠራ ማንም አይነግራትም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አልኩ። ማክሰኞ እንሰበሰብና በወጉ እንነግራታለን። የማልኩላት ትዝ ብሎኝ ነበር። ትዝ ባይለኝ ይሻል ነበር።

ፎጣዋን ጸጉሯ ላይ ጠምጥማ ወጣች። «ማነው የደወለው?»

«ከኛ ቤት ናቸው።»

«ሰላም ናቸው?»

«ሰላም ናቸው።»

ጸጉሯን አስያዝኳት፤ ከኋላ ያለውን መያዣ ሁልጊዜ እኔ ነኝ የማስይዝላት። ባርኔጣዋን እያስተካከለች በመስተዋቱ ውስጥ አየችኝና «ፊትሽ ምን ሆኗል?» አለችኝ። ጉንፋን ነው አልኳት። «እዚያ የሱፍ ካልሲ ርካሽ ነው፤ ለእማየ ልግዛላት? ብርዱ እግሯን እየያዛት ነው» አለች። ግዢላት አልኳት። ሻንጣዋን እየጎተተች ወጣች።

ሰኞ እኔ ቤት ነበርኩ፤ ኩባንያው ከጠራኝ ብቻ የምሄድበት ቀን ነው፣ አልጠራኝም። ከሰዓት በኋላ ሽንብራና ስንዴ ገዝቼ ለለቅሶ ንፍሮ ቀቀልኩ። ጠረኑ እንዳይወጣ መስኮት ከፍቼ፣ ጭስ ጠቋሚው እንዳይጮህ ምድጃውን ዝቅ አድርጌ፣ እያለቀስኩ ቀቀልኩ። ያን ሰዓት ሴትዮዋ እስቴ ላይ በሕይወት ነበሩ። አመሻሹ ላይ የኔታ ሦስት ጊዜ ደወሉ። አላነሣሁም። «ለምን አልላክሻትም?» ቢሉኝ ምን ልመልስ? ነገ ነግሬያት እኔው እደውላለሁ ብዬ ስልኩን ገለበጥኩት።

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ በሩን ከፍታ ገባች። ሦስት ሴቶች ነጠላችንን አዘቅዝቀን ሳሎን ውስጥ ተቀምጠናል። የእስቴ ልጅ ናት፤ ይኼን ማንም አይተረጉምላትም። የሻንጣዋን እጀታ ሳትለቅ «እማየ ናት?» አለች። ሦስታችንም ብድግ አልን።

የጮኸችውን ጩኸት አልጽፈውም። ዘለን ያዝናት፤ ሦስታችን አልበቃናትም። በአምስት ደቂቃ ውስጥ የጥበቃው ሠራተኛ በር አንኳኳ፤ ከጎን ቤት ያለችው ተኝታ ኖሮ ደውላለታለች። ሲያየን ገባው መሰለኝ፤ ቆቡን አውልቆ ትንሽ ቆመ። ከዚያ እያፈረ፣ በምልክት፣ እባካችሁ ድምፃችሁን ቀንሱ አለን። ክፉ ሰው አይደለም። ትራስ ሰጠኋት። ለእናቷ ዋይ ያለችው ትራስ ውስጥ ነው።

ትንሽ ስትረጋ ለወንድሟ ደወለች፤ ድምፁ ለሁላችንም ይሰማል። ከማዶ ወንድሟ ያለቅሳል። «ትናንት» ይላል፤ «ትናንት ጀምበር ስትጠልቅ… እህቴ፣ ትናንት ጀምበር ስትጠልቅ እኮ ነው…»

እሷ አልሰማችውም፤ መሬት ላይ ናት። እኔ ሰማሁት። ትናንት ሰኞ ነው። ሰኞ ጀምበር ስትጠልቅ የኔ ንፍሮ በስሎ ወጥቷል። እሑድ ጧት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የደወሉልኝ ሰው «አለች» ያሉኝ ስላሉ ነበር። እሑድ ማታ ወደ አዲስ አበባ አውሮፕላን አለ፤ ሰኞ ጧት ወደ ባሕር ዳር አለ፤ ከዚያ በመኪና እስቴ ከቀኑ ስምንት ሰዓት አያልፍም። ያን ሰሞን መንገዱ እንኳ ክፍት ነበር። በደረሰችና እጃቸውን ይዛ ሦስት አራት ሰዓት በተቀመጠች ነበር። ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልኩ፤ ሴቶቹ እኔም ሐዘኑ የበረታብኝ መስሏቸው ውኃ አጠጡኝ።

ፈቃዷን ኩባንያው በአንድ ሰዓት ውስጥ ጨረሰላት። እዚያ ማንም አልከለከላትም። ከልካይዋ እኔ ነበርኩ።

ለአርባው የዓመት ፈቃዴን ወስጄ እስቴ ሄድኩ። መጀመሪያ ቤቴ አድሬ፣ ከንፋስ መውጫ ደብረ ታቦር፣ ከዚያ በአውቶቡስ መካነ ኢየሱስ፣ ከዚያ በእግር። ድንኳኑ ሙሉ ነው። ልጅቱ አንገቴ ላይ ወድቃ «እህቴ መጣች» አለች። እሷ እንግዳ ለመቀበል ስትነሣ አጠገቤ ያሉ ሴቶች ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ፤ «እስከ ሰኞ ድረስ ስትጠራት ነበር» ይላሉ፤ «ዐረቦቹ ከለከሏት አሉ፤ ያ ኩባንያ አይባረክ፣ እናትና ልጅ የለየ በሰላም አይደር።» ቅጽ ያልተሞላበትን፣ ማንም ያልጠየቀውን ፈቃድ ነው የሚረግሙት። እኔ ዳቦዬን ቆርሼ ጎረስኩ። ርግማኑ በኔ ጉሮሮ ነው የወረደው።

የኔታ ከድንኳኑ ኋላ፣ ከገለባው ክምር አጠገብ ጠሩኝ። የተቆጡ መስሎኝ ነበር። አልተቆጡም፤ አርጅተዋል።

«እሑድ አለች አልኩሽ» አሉ።

«ታዲያ ለምን አልማሉልኝም!» ብዬ ጮኽኩባቸው። ካህን ላይ፣ በአርባ ቀን ለቅሶ ላይ። «አንድ ቃል ነበረች እኮ የኔታ! አንዲት ቃል!»

በመቋሚያቸው አፈሩን ትንሽ ጫሩ። «ብምልስ ታምኚኝ ነበር?» አሉ። «እኔ ራሴ በዚህ አፌ ስንቱን ሰው "አሟታል ና" ብዬ አስመጥቻለሁ። አንድ ቀን እውነት መናገር ሲያስፈልገኝ የተረፈኝ ያው ቃል ነበር። አንቺ ብቻ አይደለሽም የበደልሽው።»

ከዚያ ግን፣ «ይኼን ለእሷ እንዳትነግሪያት» አሉኝ። «ለሞተችው አይጠቅም፣ ያለችውን ይገድላል። እኔም አፌን ዘግቻለሁ።» እሺ አልኳቸው። ጉልበታቸውን ሳምኩ።

እሺ ማለት ቀላል ነው። ችግሩ አንድ ቤት ውስጥ መኖር ነው። ከተመለስን በኋላ ልጅቱ ከኔ አትለይም። በረራ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ እኔ አልጋ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። «ያን ቀን አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር?» ትለኛለች። «በወጉ ነው ያረዳሽኝ፤ አገር ቤት ያለሁ ያህል ነው የያዝሽኝ» ትለኛለች። ሽሮዬን ትሠራልኛለች። ልብሴን ትተኩስልኛለች። አንድ ሰው ስለሰረቅከው ነገር በየቀኑ ቢያመሰግንህ ስንት ቀን ትችላለህ? እኔ ሃያ ሦስት ቀን ቻልኩ።

ቅዳሜ ምሳ ላይ ነገርኳት። ስልኩን፣ መሐላውን፣ ንፍሮውን፣ ሁሉንም። ጉርሻዋን አልጣለችም፤ አኝካ ዋጠችው።

«እሑድ ስንት ሰዓት?» አለች።

«ሦስት ተኩል።»

«ገላዬን ስታጠብ?»

«አዎ።»

«ካልሲ ልግዛላት ስልሽ… ሞታለች ብለሽ ነው ግዢ ያልሽኝ?»

«አዎ» አልኳት። ይቅር በይኝ አልኳት። አባቴን ጠራሁ፣ ልማዳችንን ጠራሁ፣ የጠራሁት ሁሉ የሌላ ሰው ስም ነበር። እሷ ሳህኗን አንሥታ አጠበችው፣ አደረቀችው፣ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችውና ክፍሏ ገባች። በማርያም ሳልምልላት ብቀር ኖሮ እንደዚህ ባላቃጠለኝ ነበር።

ሦስት ቀን አልተነጋገርንም። በአራተኛው ቀን ወረቀት ይዛ መጣች፤ ቤት ለመቀየር የሚሞላ ቅጽ ነው። ሁለታችንም ካልፈረምንበት ኩባንያው አይቀበለውም። የእሷ ፊርማ አለ። «ምክንያት» የሚለው ቦታ ግን ባዶ ነው።

«ባዶውን አንቀበልም ብለው መለሱልኝ» አለች። ከጠረጴዛው ማዶ ተቀመጠች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም፤ የደከመው ሰው ድምፅ ነው። «ምን ብዬ ልጻፍ? ቁጭ ብዬ አሰብኩ፣ የሚጻፍ አጣሁ። አንቺ ንገሪኝ።»

እኔም አሰብኩ። ከልቤ ልረዳት ፈልጌ ነበር።

«የበረራ ሰዓታችን ስለማይገጥም እንቅልፍ ይነሣኛል በይ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ።

«አይ አንቺ» አለች፤ «መቼም የምትዪው አታጪም።»

ያልኳትን ጻፈችና ብዕሩን ሰጠችኝ። ፈረምኩ።